በጊፋታ ያልመጡት የመምህር ሻንቆ ተማሪዎች

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ላቲን የሚማሩ ልጆች ቆመው ይማሩ ነበር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። መምህር ሻንቆ የሚያስተምሩት በእድሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ተማሪዎቹ የሚቀመጡትም በለቅሶ አግዳሚዎች ላይ። ሐዘን ሲመጣ አግዳሚዎቹ ከድንኳኑ ጋር ተጭነው ይወጣሉ፣ ልጆቹ ግን አይወጡም። በተደራረቡት ትላልቅ ድስቶች መሀል ቆመው «ሮዛ፣ ሮዜ፣ ሮዛም» ይላሉ። አንድ ከገጠር የመጣ ለቀስተኛ ድምፁን ሰምቶ «እነዚያ ደግሞ የሟቹ ምኖች ናቸው? በየትኛው ቋንቋ ነው የሚያለቅሱት?» ብሎ ጠየቀ ተብሎ ሰፈሩ ዓመት ሙሉ ስቋል።

የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከእድሩ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። አሥራ ስምንት ዓመት ያ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ሲመጣ ሰምቻለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ትምህርት ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ግን የሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረግሁ «ሮዛሩም» ድረስ ደርሻለሁ። አሁን ያ ድምፅ ከቀረ ወዲህ ከሰዓት በኋላው ይረዝምብኛል።

መምህር ሻንቆ የዱቦ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቄስ ሊሆኑ እዚያው የካቶሊክ ሚሲዮን ገብተው ስድስት ዓመት ተምረዋል፤ ላቲኑን ያገኙት ከዚያው፣ ከአንድ ጣሊያናዊ አባ ነው። ለምን እንደወጡ ሲጠየቁ «ቅስናው የእኔ አልነበረም» ብለው ያልፉታል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው። ያኔ የዛሬዋ ሚስታቸው ወይዘሮ ቦሼ ዱቦ ገበያ ላይ ቅቤ ይሸጡ ነበር። እሳቸው ሲጠየቁ «እኔ ቅቤ ሸጥኩለት እንጂ ሌላ ነገር አልተናገርኩትም» ይላሉ። አንድ የቄስ ተማሪ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቅቤ የሚገዛው ለምን እንደሆነ ግን ማንም አላስረዳኝም።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መምህር ሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቦምቤ ከተማ። ጡረታ ወጥተው ሶዶ ሲገቡ ሌላው ጡረተኛ ዳማ ሲጫወት፣ እሳቸው የእድሩን ቤት ቁልፍ ለመኑ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ያገኟቸዋል። በሳምንት አንድ ገጽ በቃል መያዝ ግዴታ ነው፤ ከአማርኛም ይሁን ከወላይትኛ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ ሰዓት ተፈታትቶ እንደገና ይገጠማል። ላቲኑም ለዚሁ ነው የሚገባው፤ «የምታውቁትን ቋንቋ እየዘለላችሁ ታነባላችሁ፣ የማታውቁት ግን አያስዘልላችሁም» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ አጉረምርሞ ነበር። አብዛኛው ሰው ፕሮቴስታንት ነውና «ይሄ ሰውዬ ልጆቻችንን በሮዛ አድርጎ ወደ ዱቦ ሊወስዳቸው ነው» ተባለ። አንድም ልጅ አልሄደም። እንዲያውም አንዷ ዘማሪ ሆናለች፣ እዚሁ ሰፈራችን ቸርች።

የሁሉም ቁንጮ ክርክሩ ነበር። ልጁ አንድ ነገር ደግፎ ይናገራል፤ ሲጨርስ ተነስቶ ትይዩ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ራሱን ይቃወማል። የጅምላ ነጋዴው ሳሊህ አንድ ቀን በንዴት መጣ። ቤተሰቡ ከስልጤ መጥቶ ሶዶ ከገባ ብዙ ዓመት አይሆነውም፤ ልጁ ሰብሪና ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች።

«መምህር፣ ልጄን ምን አደረጓት?»

«ምን ሆነች?»

«ትናንት ስልክ አትነኪም አልኳት። ለምን መንካት እንደሌለባት ሦስት ምክንያት ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሶፋ ቀይራ ተቀመጠችና ለምን መንካት እንዳለባት አራት ነገረችኝ።»

«የትኛው ረታ?»

«ስልኩ እሷ ጋ ነው።»

መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሳሊህ በሚቀጥለው ሳምንት ታናሿንም አምጥቶ አስመዘገበ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ኖርን። ኋላ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ጀመረና የሚያልፍ ልጅ ብርቅ ሆነ። ወላጅ ሁሉ ተደናገጠ። እድሩም በዚያው ሰሞን ከአንድ ድርጅት አሥር ኮምፒውተር አገኘ፤ ማስቀመጫ ክፍል ደግሞ ያለው አንድ ብቻ ነው። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደለም፣ ቢሮ የለመደ ሰው ነው። በስብሰባ መሀል ተነሳና፣

«መምህር፣ ይቅርታዎንና፣ ይሄ የድሮ ትምህርት ልጆቹን ምን ጠቀማቸው? ማስረጃ ካለ እንየው። ካለ ክፍሉ የእርስዎ ነው፣ ከሌለ ኮምፒውተሩ ይግባ» አለ።

«ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳስተምር» አሉ መምህር፣ «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ጥሩ ጥያቄ ነው።»

ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። ወይዘሮ ቦሼ ግን ሲወጡ ለእኔ ሹክ አሉኝ። «ያቺን ክፍል ከቀሙት ይሄ ሰው አይከርምም። ከከረመም ቤት ቁጭ ብሎ እኔን ነው የሚያስተምረኝ።» ሲናገሩ ግማሹ ሳቅ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ማስረጃውን ለመፈለግ ትዕዛዝ የምትባል ተማሪ መጣች። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፣ የምትጽፍበት ርዕስ አጥታ ስትንከራተት ነበር። «የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን አግኝቼ ፈተናውን አልፈው እንደሆነ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠሩ እጠይቃለሁ» አለች። የት ታገኛቸዋለሽ ስንላት ሳቀችብን። ጊፋታ እየደረሰ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ መስከረም ላይ ሲውል የትም ያለ ወላይታ አገሩ ይገባል፤ ይሄን ሕፃን ያውቃል። ሐሳቡ ሁላችንንም አሳመነን። እኔ እንዲያውም መጠይቁን በቅናሽ አተምኩላት።

ጊፋታ ሆነ። ሦስት ቀን ከቤት ቤት አብሬያት ዞርኩ። ከሐዋሳ የመጣ ፋርማሲስት አገኘን፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ጠበቃ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች፣ መኪና ይዞ የመጣ ነጋዴ። በየቤቱ ቁርጥ በዳጣ ይቀርባል፤ ትዕዛዝ በዳጣው ዓይኗ እያነባ ትጽፋለች። ሁሉም መምህርን ያመሰግናሉ። ጠበቃዋ «ፍርድ ቤት ስቆም ዛሬም አግዳሚ የምቀይር ይመስለኛል» አለችን። መጨረሻ ላይ ሲደመር ሠላሳ ስምንት ሰው ሆነ፤ ሠላሳ ስምንቱም ሥራ አላቸው፣ ፈተናውን ያላለፉት ሦስት ብቻ ናቸው። ወረቀቱን የተየብኩት እኔ ነኝ። ቀለሙ ሳይደርቅ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ፤ ማን እንደነገራቸው አልደብቅም። አቶ ጌታሁን ራሱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «በቃ፣ ክፍሉ የሽማግሌው ነው» አለኝ።

በማግስቱ መምህር ሱቄ መጥተው፣ ትዕዛዝም ባለችበት፣ ወረቀቱን ቁጭ ብለው አነበቡት። ስሞቹን ሲያነቡ በአንዳንዱ ፈገግ ይላሉ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ትዕዛዝ፣ እነዚህን የት ነው ያገኘሻቸው?»

«በየቤታቸው፣ በጊፋታ።»

«ያላገኘሻቸውስ?»

«አልመጡም፣ መምህር።»

«ለምን አልመጡም?»

«እንጃ። ሥራ ይዟቸው ይሆናል።»

«በጊፋታ የሚቀር ልጅ ሥራ የያዘው ነው ወይስ ሥራ ያጣ?»

ወደ መጠይቆቿ አቀረቀረች። እኔም ወረቀት የማስተካክል መሰልኩ።

«ለእናቱ ሥጋ መግዣ ያጣ ልጅ በዚያ ቀን ሶዶ ውስጥ አይታይም» አሉ። «ስልኩንም ያጠፋል። ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ይሄ ወሬኛም ያውቃል።» ወሬኛ ያሉት እኔን ነው። «እኛ የጠየቅነው የተሳካለትን ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉም ተሳክቶለታል አልን።»

ቤታቸው ሄደው አንድ ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዘው ተመለሱ። በአሥራ ስምንት ዓመት ያስተማሯቸው ሁሉ ተጽፈዋል፤ የቀጠለውም ያቋረጠውም። መቶ ሦስት ናቸው።

«መምህር» አልኳቸው፣ «ስድሳ አምስት ሰው ከየት ይገኛል? ይሄው ወረቀት ይበቃል። ክፍሉ እኮ በእጅዎ ሊቀር ነው።»

«አንዱን ወገን ሰምተው የሚፈርዱ ልጆች አላስተማርኩም» አሉ፤ ደብተሩን ለትዕዛዝ ሰጧት።

ማታ ወይዘሮ ቦሼ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ለአንተ ቢፈረድ ምን አለበት?» ብለዋቸዋል። ምን እንደመለሱላቸው ጎረቤት አልሰማም።

ትዕዛዝ ሁለት ሳምንት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብላ ደወለች። ከእናቶች ስልክ ቁጥር መቀበል ከባድ ነበር፤ «ልጄ በጣም ሥራ ይበዛበታል» ይላሉ። ከስድሳ አምስቱ አርባውን አገኘች። ዓረብ አገር የሄዱ አሉ፣ ባጃጅ የሚነዱ አሉ፣ ምንም የማይሠሩ አሉ። ከሁሉም የደነገጥኩት በዮሴፍ ነው። ዮሴፍ በክርክር ማንም የማይችለው ልጅ ነበር። እናቱ ሐዋሳ መሐንዲስ ሆኗል ስትለን ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔም ለሰማ ላልሰማ አውርቻለሁ። ልጁ ለካ እዚያው ሐዋሳ ሕንፃ ላይ ብሎኬት ይሸከማል።

«የመምህር ሻንቆ ትምህርት ጠቅሞሃል?» አለችው፤ ድምፁ በስፒከር ይሰማል።

«አልጠቀመኝም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ልትሰናበተው ስትል «መምህር እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር» አለ። ደህና ናቸው አለችው። ክፍሉስ፣ አግዳሚዎቹስ፣ ሰብሪና ምን ሆነች፣ አሁን ስንት ልጅ ይማራል ብሎ እየጠየቀ የስልኳን ሂሳብ ሊጨርስባት ምንም አልቀረውም። መምህር ደርሰው በር ላይ ቆመው ነበር። ስልኩን ተቀብለው ስፒከሩን አጠፉና በወላይትኛ ቀስ ብለው አነጋገሩት። በግድግዳ ላቲን የለቀምኩ ሰው አጠገቤ የተነገረ ወላይትኛ አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል። «የግድ በጊፋታ መምጣት የለብህም» አሉት። «በሌላ ቀን ና። ምንም ሳትይዝ ና።»

ትዕዛዝ ሁለተኛውን ወረቀት ጻፈች። የመምህር ተማሪዎች ፈተናውን በማለፍ ከሰፈሩ ሌሎች ልጆች ትንሽ ይሻላሉ። ግን እስከ መጨረሻው የተማሩት በብዛት የመምህራንና የነጋዴ ልጆች ናቸው፤ ትምህርቱ ይሁን ቤታቸው ያሳለፋቸው መለየት አልተቻለም። በሥራ በኩል እንደማንኛውም ሰው ናቸው።

በእድሩ ስብሰባ ላይ ወረቀቱን መምህር ራሳቸው ቆመው አነበቡት። የመጀመሪያው ለምን ስህተት እንደሆነም አስረዱ። አቶ ጌታሁን አንገቱን አከከ።

«መምህር፣ የፊተኛውን ቢያነቡልን እኮ አልቆ ነበር።»

«የፊተኛው ስለ ጊፋታ ነው የሚናገረው። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ትምህርቴ ነው።»

ሳሊህ እጁን አወጣ። «እኔ በሚዛን የምኖር ነጋዴ ነኝ። ለራሱ ያጋደለ ሚዛን አይቶ መልሶ ያስተካከለ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ልጆቼ እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቢቀመጡ እፈልጋለሁ። ይሄ በፈተና አይወጣ ይሆናል።»

«ትክክል ነህ» አለ ጌታሁን፣ «ግን ስምምነታችን በማስረጃ ነበር።»

እጅ ተቆጠረ። ሃያ አንድ ለኮምፒውተሩ፣ አሥራ ሰባት ለመምህር። እሳቸው እጃቸውን አላወጡም። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወይዘሮ ቦሼን ይዘው ወጡ።

አሁን ከግድግዳዬ ባሻገር የሚሰማው የኮምፒውተር ቁልፎች ኳኳታ ነው። ክፉ ነገር አይደለም፤ የእህቴ ልጅም እዚያ ትማራለች። ልጆቹ አይጮኹም፣ አይከራከሩም፣ እያንዳንዱ የየራሱን ያያል። አንዳንዴ እጄ ሥራ ሲፈታ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋለሁ፣ ከልምድ ነው። መምህር በረንዳቸው ላይ አራት ልጆች ቀርተውላቸዋል። ክፍሉን ካጡ ወዲህ ከስተዋል፤ ወይዘሮ ቦሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ኅዳር ውስጥ፣ ገበያ በሌለበት ማክሰኞ፣ አንድ እጁ የሻከረ ሰው ሱቄ በር ላይ ቆመ። የእድሩን ቤት ከፍቶ ኮምፒውተር አይቶ ደንግጦ ነው የመጣው። ዮሴፍ ነበር። ምንም አልያዘም፣ ፌስታል እንኳ። ይዤው ሄድኩ።

መምህር ከበረንዳው ሳይነሱ ከራስ እስከ እግሩ አዩት።

«እናትህ ጋ ደርሰሃል?»

«ገና ነኝ። መጀመሪያ እርስዎን ልይ ብዬ ነው።»

«አየኸኝ። አሁን እሷ ጋ እንሂድ።»

«መምህር፣ ብቻዬን...»

«ብቻህን አትገባም። ከመንገድ ትመለሳለህ።»

ልጆቹን ለወይዘሮ ቦሼ ተዉላቸውና ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ወረድን፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ዮሴፍ ክንዳቸውን ደግፎ ነው። በሩን ያንኳኩት መምህር ናቸው። እናቱ ከፈተች፣ አየችው፣ እጁን አየች።

«ጊፋታ እኮ አለፈ» አለች።

«ለዚህ ነው የመጣሁት» አላት።

በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው መምህርን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችና በሩን ዘጋችው። እኔ ውጭ ቀረሁ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልነግራችሁም፤ የዚያ ቤት ግድግዳ ወፍራም ነው።