ሲንኩ ተደፍኖ የሚቆጣን አጣን

ዛሬ ጠዋት የወጥ ቤታችን ሲንክ ተደፈነ። እኔም እጄ በሳሙና እንደተለወሰ ቆሜ የእማዬን ቁጣ ጠበቅኩ።

እማዬን ከቀበርናት ገና ብዙ ቀን አልሆነንም።

ውሃው አልወርድ ብሎ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ሲጀምር፣ እሷ ጓሮ ሆና እንኳ ትሰማው ነበር። «ደግሞ ማነው የቡና አተላ የደፋበት?» ትላለች። በእሷ ቤት አተላ የሚደፋው ጓሮ ያለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ብቻ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛ ጋ ደወልኩ፤ «መጣሁ» አለኝ። የጅማን «መጣሁ» የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ባልዲ ደቅኜ ከሲንኩ ሥር ያለውን ጠማማ ቱቦ ራሴ ፈታሁት። እንደ ጭቃ የረጋ የቡና አተላ ወጣ። ለለቅሶ ለመጣው ሰው ሲፈላ የሰነበተው ቡና ነው።

ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። የእማዬ የዘመናት የቡና ጓደኛ ናቸው፤ የለቅሶውን ዕቃ ሲያጥቡልን የከረሙትም እሳቸው።

«ምነው አዴ፣ እርስዎ እንኳ አመሏን እያወቁ?» አልኳቸው።

«ማሎ፣ አፈር ስሆን ልጄ፣ አውቃለሁ እንጂ» አሉና የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። «ወላሂ፣ ከደፋሁት በኋላ ትዝ አለኝ። ያኔ እስክትቆጣኝ ድረስ ቆሜ ጠበቅኳት።»

ባልዲውን አንድ አንድ ጎኑን ይዘን አተላውን አቮካዶው ሥር ደፋነው።

እናንተስ፣ ዛሬ ቤት መጥቶ ቢቆጣችሁ የምትወዱት ማን ነው? ምን ብሎ ነበር የሚቆጣችሁ?