ሰኔ ላይ የተሞላ ፎርም

ቡታጅራ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የተወለድኩት ጎጃም ነው። ወደዚህ የመጣሁት ባሌ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ሲመደብ አብሬው ነበር። ልጃችን ሰባተኛ ክፍል ሳለች እሱ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ። ዘመዶቼ ልጅሽን ይዘሽ ተመለሺ አሉኝ። ሥራዬ እዚህ፣ መቃብሩ እዚህ፣ የልጄም አፍ የተፈታው እዚህ ስለሆነ ቀረሁ። ኋላ ደግሞ የአገሬ መንገድ ከፋና ልሂድ ብልም የማልሄድበት ጊዜ መጣ። እናቴ ስትሞት እንኳ እዚሁ ቤቴ ተቀምጬ ነው ያለቀስኳት።

ጥንቁቅ ሰው ነኝ። በሩን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ እይዛለሁ። ጠዋት ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ከቤት አልወጣም፤ ያንንም የማደርገው ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት ዛሬ ለይቼ መናገር አልችልም። ቤቴ ውስጥ መጠባበቂያ የሌለው ዕቃ የለም፤ ሁለት ፋኖስ፣ ሁለት መቀስ፣ ሁለት የቁልፍ ዘለላ።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ገጽ ፎርም ይሞላሉ። ከስማቸው ሥር ሁለት ባዶ ሣጥኖች አሉ፤ አንዱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሌላው የማኅበራዊ ሳይንስ። ልጆቹ ናቹራልና ሶሻል ይሏቸዋል። አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ወላጅ ይፈርማል፣ ፎርሙ እኔ ጋ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚማሩትም፣ የሚፈተኑትም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበትም በዚያች ምልክት ነው። የመቀየሪያው ቀን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቀኑ ካለፈ አይቀየርም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እንደኔ የጠበቀው ሰው ግን የለም። ከመስቃን ገጠር በጋሪ የመጣ አባት፣ ከእንሴኖ በአውቶቡስ ተሳፍራ የመጣች እናት መስኮቴ ላይ ቆመው ለምነውኛል። ለሁሉም ያልኩት አንድ ነው፤ ቀኑ አልፏል። ለአንዱ ካጠፍኩት ለሁሉም ማጠፍ አለብኝ፣ ይህ ነው ፍርድ ማለት ብዬ አምን ነበር።

የልጄ ነገር ታሪክና ጂኦግራፊ ነበር። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ የእንሴኖ ተወላጅ ናት፤ በርበሬ ነጋዴ፣ ሙስሊም፣ ሳቂታ። የሷና የኔ ልጅ አንድ ክፍል ይማሩ ነበር። ከትምህርት መልስ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ይቀመጡና የኔዋ ታስጠናታለች። አንድ ቀን ጎረቤቴ በርበሬዋን ምንጣፍ ላይ አስጥታ ገበያ ደርሳ ስትመለስ፣ ልጄ በርበሬውን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ የዓባይን መንገድ ሠርታበታለች፤ ጣናን በክብ፣ ገባሮቹን በጣት። ጎረቤቴ ወገቧን ይዛ አየችውና ወደኔ ዞረች። «የዚች ልጅ ነገር፣ በርበሬዬን ሱዳን አደረሰችው እኮ» አለች። ሦስቱም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን የልጄን ፊት ያየ ሰው ምን መማር እንዳለባት ለመረዳት ፎርም አያስፈልገውም ነበር።

ፎርሙ ሲመጣ ልጄ ሶሻል ላይ ምልክት አድርጋ የወላጅ ፊርማውን ቦታ ክፍት ትታ ከጓደኞቿ ፎርም ጋር ቀላቅላ አስገባችው። እኔ ስደረድር አገኘሁት። ከክፍል አስጠራኋትና ቢሮ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ምን ልትሆኚበት ነው አልኳት። ሕግ ልማር ነው፣ እሱ ካልሆነ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ አለች። ያን ጊዜ እዚህ ከተማ ወላጅ ሁሉ የሚለውን፣ እኔም በመስኮቴ በኩል ስንት ጊዜ የሰማሁትን ነገር ነገርኳት። ከናቹራል የወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወደ ሕግም ወደ ኢኮኖሚክስም መሄድ ይችላል፤ ከሶሻል የወጣ ግን ወደ ሕክምና ወይ ወደ ምህንድስና መሄድ አይችልም። አንደኛው ሁሉን በር ክፍት ይተዋል፣ ሌላው ግማሹን ይዘጋል። የአባትሽ የፊዚክስ መጽሐፍ በሙሉ ቤት ውስጥ አለ አልኳት።

«እኔ እኮ ሕክምና አልፈልግም፣ እማ።»

«ዛሬ ነው ያልፈለግሽው።»

ከቁም ሣጥኑ አዲስ ፎርም አውጥቼ ሰጠኋት፤ በራሷ እጅ ሞላችው፣ እኔም ፈረምኩበት። የመጀመሪያውን አራት ቦታ ቀድጄ ቢሮ ቅርጫት ውስጥ ሰው እንዳያየው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ቤት ወስጄ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ቀኑ ገና አላለፈም ነበር። ምንም ደንብ አልጣስኩም። እንደ ፋኖሱና እንደ መቀሱ ለልጄም መጠባበቂያ ያኖርኩላት መስሎኝ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ከገባች በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። የአባቷን መጻሕፍት ስትከፍት አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ከኋላዋ ቀረብ ብዬ ሳይ የምታነበው ፊዚክሱን አልነበረም። አባቷ በእርሳስ ዳር ዳሩን የጻፋቸውን ነበር የምታነበው፤ «ይህን ለነገ ድገም»፣ «እዚህ ላይ ልጆቹ ይሳሳታሉ» የሚሉትን። ዕድሜዋን ሙሉ ስታጠናው የኖረችው የሱን እጅ ጽሑፍ ብቻ ይመስል እያንዳንዱን መስመር በጣቷ ትከተላለች። ቀመሩን ግን ዘልላው ነው የምታልፈው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ሲወጣ በፊዚክስና በሒሳብ ወድቃለች። በሳምንቱ መስኮቴ ላይ መጣች። ትምህርት ቤት ውስጥ እናትሽ አይደለሁም፣ እንደሰው ተሰለፊ ብዬ ያሳደግኳት ልጅ ናትና ተሰልፋ፣ ተራዋን ጠብቃ ነው የደረሰችው።

«እማ፣ ቀይሪኝ» አለችኝ።

ሶሻል ክፍል ውስጥ ቦታ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ባሌን ያከብር የነበረ ሰው ነው። ነገሩን ሰምቶ፣ አንድ ሁለት ልጅ በየዓመቱ ይቀየራል፣ አንቺ አዘጋጅተሽ አምጪው እንጂ እኔ እፈርማለሁ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት አንድ አባት ልጄ ታማ ነው ቀኑ ያለፋት ብሎ ቢለምነኝ መልሼዋለሁ። የሐኪም ወረቀት ሁሉ ይዞ ነበር። ወረቀቱን ሲያጣጥፍ እጁን አይቼዋለሁ።

«የሰው ልጅ መልሼ የራሴን ብቀይር እግዚአብሔር ምን ይለኛል?» አልኳት።

«እግዚአብሔርን ተይው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ልጆች ይሰሙናል። ቀኑ አልፏል አልኳት፤ ለሌላው በምናገርበት ድምፅ ነው የተናገርኩት። እሺ ብላ ሄደች። አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲያ በዚያ ጉዳይ አንድም ቃል አልተናገረችኝም።

ለንስሐ አባቴ ነገሩን ነገርኳቸው። ለሌላው የከለከልሽውን ለራስሽ ባለማድረግሽ መልካም ሠርተሻል፣ ልጅቷን በጸሎት አግዣት አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያን ቀለል ብሎኝ ወጣሁ። ያልነገርኳቸው ግን ነበረ። እንቢ ማለቱ አልከበደኝም። ደንቡና የኔ ፍላጎት በአንድ ቀን አንድ ቦታ ተገናኝተውልኝ ነበር። ልጄ ከሶሻል ወደ ናቹራል ቀይሪኝ ብላ መጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ያ አባት፣ ያ የሐኪም ወረቀት ትዝ ይለኝ ነበር? ይህን ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅኩም። ንስሐ ገባሁ የምለው ግማሹን ተናግሬ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚፈተኑት ወልቂጤ ሆነ። ሐምሌ ነው፣ ካፊያ ነበር። አውቶቡሶቹ በአረቅጥ በኩል ሊያልፉ ጠዋት ተሰለፉ። ብረት ይዞ መግባት አይቻልም ስለተባለ ልጄ መስቀሏን አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ አንገቷ ላይ የቀረው ክሩ ብቻ ነው። ላይ ደጋው በጣም ይበርዳል ብዬ ነጠላዬን ላለብሳት ስል ሹራብ አለኝ አለች። ጎረቤቴ ለሁለቱም በሶ በፌስታል ቋጥራ ሰጠቻቸው። አውቶቡሱ ሲነሳ እሷ መዳፎቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፣ እኔ አማተብኩ። ጎን ለጎን ቆመን ለሁለት ልጆች ነበር የምንለምነው፤ ቢያንስ እሷ ለሁለት ነበር።

ውጤቱ የወጣ ቀን ልጄ በስልኳ ቁጥሯን አስገብታ ካየች በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ወጣች። ገልብጬ አየሁት። ማለፊያውን አላገኘችም። ነጥቧ ሬሜዲያል ለሚሉት የማካካሻ ትምህርት እንኳ የሚበቃ አልነበረም። በእንግሊዝኛ ጥሩ አምጥታለች፤ ፊዚክሱና ኬሚስትሪው ጎትተው ጥለዋታል።

ሶሻል የተማረችው የጎረቤቴ ልጅ አለፈች። ይህን ያወቅኩት በእልልታ አይደለም። እልልታ የለም፣ ሳቅ የለም፤ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆነው በራቸው ተዘግቷል። ለኛ ብለው ደስታቸውን አፍነው ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ መጣች። ስትገባ አሰላሙ አለይኩም ብላ፣ ወዲያው ደግሞ ለኔ ደህና ዋልሽ የምትል ሴት ያን ቀን ሁለቱንም ረሳች። ጎኔ ተቀመጠችና ጉልበቴን ያዘች።

«እህቴ፣ ወላሂ እውነቴን ነው፤ ልጄን ያሳለፈቻት ያንቺ ልጅ ናት። ታሪኩን ማን አስጠናት? ጂኦግራፊውን ማን አስጠናት?»

ልታጽናናኝ ነው። በሕይወቴ ከዚያ የከበደ ነገር የነገረኝ ሰው የለም።

መስቀል ደረሰ። ያን ሰሞን ከተማው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ይሞላል፤ የተራራቀ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ የምገባበት አገር ሩቅ ነው፣ ወደኔም የሚመጣ የለም። በየደረስኩበት ልጅሽ ስንት አመጣች ይሉኛል። ለዓውደ ዓመት የሚጠየቅ የደግነት ጥያቄ ነው። አልተሳካላትም እላለሁ፤ እሷን ነው የማማው፣ ያላጠፋችውን ልጅ።

በግል ተመዝግበሽ ድገሚው አልኳት። በምንድን ነው የምፈተነው አለችኝ፤ መልሱን እያወቀች። በተማርሽበት ነው አልኳት። እንግዲያው ይቅር አለች። ሁለት ጊዜ ለመንኳት፣ አንድ ጊዜ ተንበርክኬ ጭምር። እሺ እማ፣ ተነሺ አለችኝ፤ እሺ ያለችው ግን እንድነሳላት ብቻ ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ካለው የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ ሥራ ገባች። የጎረቤቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትደውል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራታለች፤ የታሪክ ኮርስ የከበዳት ዕለት ልጄ በስልክ ስታስረዳት ሰምቻለሁ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ የትምህርት ቤቱ ማባዣ ተበላሸ። ርዕሰ መምህሩ ፎርሙን ውጭ አስባዢው አለኝ። ሌላ ሰው ልልክ አስቤ ነበር። ሌላ ሰው ብልክ ፎርሙን ያጨማድደዋል ብዬ፣ ወይም በዚያ አሳብቤ፣ ራሴ ሄድኩ።

ልጄ ፎርሙን ተቀብላኝ አየችው። ያው ፎርም ነው፣ አልተለወጠም፤ ያው ሁለት ሣጥን። ስንት ይሁን አለችኝ፤ ነገርኳት። መስታወቱ ላይ በልኩ አስተካክላ አስቀመጠችና ክዳኑን ከደነችው። ማሽኑ ሲሠራ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«ያን የመጀመሪያውን ምን አደረግሽው?»

«አቃጠልኩት» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱ ተባዝቶ ሲያልቅ ሰብስባ ጠርዙን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለችው።

«ቆጥሬዋለሁ» አለች። «አንቺ ግን ሳትቆጥሪ አትወስጂም።»

ሳልቆጥር ልወስደው ፈለግኩ፤ እመኚኝ፣ አምንሻለሁ ልላት ፈለግኩ። እጄ ግን እንደልማዱ ወረቀቱን አነሳው። ፊቷ ቆሜ አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ባዶ ሣጥኖቹን እየገለጥኩ ቆጠርኩ። አሁንም ትኩስ ነበር ወረቀቱ። አንድም አልጎደለም።