አማርኛ ያስተማርኳት ልጅ

ሶዶ ተወልጄ፣ ሶዶ አድጌ ወላይትኛ አልችልም ነበር። ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። አያቶቼ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ቤታችን የሚወራው አማርኛ፣ ሱቁ አማርኛ፣ ቢሮው አማርኛ። ገበያ ላይ ዋጋ መጠየቅና «ቀንሺልኝ» ማለት አያቅተኝም፤ ከዚያ ወዲያ ዱዳ ነኝ። የሰፈሬ ልጆች ሁለት ቋንቋ ይዘው ሲያድጉ እኔ አንዱን ይዤ ቀረሁ፤ ያውም እየኮራሁ።

ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ስጨርስ ለክረምት በጎ ፈቃድ ተመዘገብኩ። እውነቱን ልናገር አይደል? ልጆች ስለምወድ አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ከእናቴ ጋር መነታረኩ አስጠልቶኝ፣ ጓደኞቼም ሁሉ ተመዝግበው ነው። ያኔ በጎ ፈቃደኛ መሆን የወጣቱ ሁሉ ነገር ነበር። ኮፍያና ቲሸርት ይሰጣል፤ የቲሸርቱ ጀርባ ላይ ስለ ልማት የሚያወራ መፈክር አለበት፤ በመክፈቻው ቀን ባለሥልጣን መጥቶ ፀሐይ ላይ አቁሞን ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ በኋላ የት ደረሳችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የደረሰኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳሞታ ተራራ ሥር ያለ ትምህርት ቤት ነው። ባጃጅ አስፋልቱ የሚያልቅበት ድረስ ያደርሳል፣ የቀረው በእግር፣ በጭቃ። ርዕሰ መምህሩ ድካም የተጫነው ትልቅ ሰው ነበር። ቲሸርቴን ከላይ እስከ ታች አየና ወደ አንድ ክፍል ወሰደኝ።

«ሦስተኛን ያለፉትን እሰጥሻለሁ። እስካሁን ሁሉንም በወላይትኛ ነው የተማሩት፤ አራተኛ ሲገቡ አማርኛው ይከብዳቸዋል። ግን ብዙ አትልፊ፣ ከመስቀል በኋላ ይጠፋሉ።»

«የት ነው የሚጠፉት?»

«አዲስ አበባ ነዋ! ለበዓል ዘመድ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ሲመለስ ልጅ ይዞ ይመለሳል። ወንዱ ጫማ ይጠርጋል፣ ሴቷ ሰው ቤት ትገባለች። በየዓመቱ እንደዚሁ ነው።»

«የኔዎቹ አይጠፉም» አልኩት። ወይ ጥጋብ! ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ እሱ ስንት ዓመት ሲያለቅስበት የኖረውን ነገር በአንድ ክረምት ልጨርሰው ነው።

ከመጡት ልጆች መካከል አንዷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ ሞቷል። እናቷ እንሰት እየፋቀች፣ ቦዬ የሚባለውን ሥር ከመሬት እያወጣች ቅዳሜ ገበያ ሸጣ ሦስት ሴት ልጆች ታሳድጋለች፤ ይቺ መካከለኛዋ ናት። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ አንድ ነገር ካልገባት አገጯን ይዛ የምታፈጥ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንጀቴን በላችው። ሌሎቹ ያልኩትን ሁሉ በኅብረት እየጮሁ ይደግማሉ፣ አንዱም አልገባቸውም። እሷ ግን አትጮህም። እጇን ታወጣና የነገርኩትን ቃል በጣቷ እየጠቆመች «የታለ?» ትላለች። አሳዪኝ ማለቷ ነው።

ምን ላሳያት? መጽሐፉ ውስጥ ያለው ስለ አየር ብክለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከቤታችን በእጄ የገባውን ሁሉ በፌስታል ሞልቼ ሄድኩ፤ ድስት፣ ጭልፋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ወንፊት፣ መጥረጊያ፣ የልብስ ሳሙና። ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩትና ጨዋታ ፈጠርኩ። እኔ አዛለሁ፣ እነሱ ይሮጣሉ። ማንቆርቆሪያውን አምጪ! ድስቱን ክደኚው! ቤቱን ጥረጊ! እጅሽን ታጠቢና ነይ! የተሳሳተ ይቀመጣል፣ የመጨረሻ የቀረ ያሸንፋል። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ስለ አየር ብክለት አፋቸውን ይዘው የነበሩት ልጆች ምላሳቸው ተፈታ። የምታሸንፈው ሁልጊዜ እሷ ነበረች።

በእረፍት ሰዓት እሷ በተራዋ ወላይትኛ ታስተምረኛለች። ሣር፣ ደመና፣ ጥርስ፣ እየነካች ትነግረኛለች። እኔም እደግመዋለሁ፣ ትስቃለች። ባጃጁ ጋ ስደርስ አንዱም አብሮኝ የለም። ደብተር ላይ እንኳ አልጻፍኩትም፤ ምን አስቸኮለኝ፣ ሁሉም እኮ አማርኛ እየተማረልኝ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትናገር ጀመር። መስከረም ሲጠባ አራተኛ ክፍል ተመዘገበች፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ማስተማሬን ቀጠልኩ። የተመዘገበች ዕለት እየሮጠች መጥታ «ቲቸር፣ ስሜ አለ!» አለችኝ። ያን ቀን እኔን የሚችለኝ አልነበረም። ለእናቴ፣ ለጓደኞቼ፣ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ በዓሉ መጣ። ወላይታ ውስጥ የዘመን መለወጫው ጊፋታና መስቀል ማለት ምን እንደሆነ ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል። ዓመቱን ሙሉ በቅቤም በሥጋም ሲቆጥብ የከረመው ሁሉ ያን ሳምንት ይጠግባል፣ የተበተነው ሁሉ ይመጣል። ከአዲስ አበባ የሚገቡት አውቶቡሶች ጣሪያቸው ላይ እንኳ ቦታ የላቸውም። የልጅቷ እናትም ለበዓል ጠራችኝ። ጥሪውን ያመጣችልኝ ልጅቷ ናት፤ «እናቴ አስተማሪሽን ሳላበላ በዓል የለም ትላለች» ብላ።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ፀሎት ተደረገ፣ የቅርጫው ሥጋ ቀረበ፣ በቃሪያ የተፈጨው ዳጣ ዓይን ያስለቅሳል። ከጎኔ የሟች አባቷ እህት ተቀምጣለች። መርካቶ የምትነግድ፣ ጸጉሯን ተሠርታ የመጣች፣ አማርኛዋ የተስተካከለ፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። የአሥራ ሦስት ዓመቷን ትልቋን እህት ጠራቻትና በአማርኛ «ጭልፋ አቀብዪኝ» አለቻት። ልጅቷ ተነሳች፣ ዞር ዞር አለች፣ ተመልሳ ቆመች። አልገባትም።

እኔስ? ምን አለ ዝም ብዬ ሥጋዬን ብበላ! እጄን አጨበጨብኩና «እሷን ተያት፣ ይቺን ጠይቂያት!» አልኩ። የኔዋ ጭልፋውን ይዛ ደረሰች። «ሌላ ጠይቂያት!» ድስት ተከደነ፣ ውሃ ተቀዳ፣ የእጅ ማስታጠቢያ መጣ፣ የተዝረከረከው ተጠረገ፣ ሕፃን ልጅ ታዘለ። በእያንዳንዱ ትዕዛዝ እንግዳው ሁሉ ይስቃል፣ እልል ይባላል። እሷ ትሮጣለች፣ ትመለሳለች፣ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ሴትየዋ መብላቷን ትታ ስታያት ቆየች።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ገና ዘጠኝ!» አልኩ፤ ጉራዬ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። «በሁለት ወር ነው እንዲህ ያደረስኳት!»

በዓሉ ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ ርዕሰ መምህሩ መንገድ ላይ አገኘኝ። «ያቺ ጎበዝሽ ነገ ትሄዳለች አሉ» አለኝ። አክስቷ የመጣችው ትልቋን ልትወስድ ነበር፤ አንዲት ሀብታም ደንበኛዋ ሠራተኛ ፈልጋ ለምናት። አሁን ትልቋን ትታ መካከለኛዋን መርጣለች። ርዕሰ መምህሩ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀበሌ ሮጥኩ፤ ሊቀመንበሩ ሥልጠና ላይ ነው ተባልኩ። በር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ «ዘመዷ ናት አይደል የምትወስዳት? ታዲያ እኛ ምን ቤት ነን?» አለኝ። ከዚያ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ወደ ልጅቷ ቤት ወጣሁ። እናትየዋ ደጅ ላይ እንሰት ትፍቃለች። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ በርጩማ አወጣችልኝ። የምናገርበት ቋንቋ ግን የለኝም። ልጅቷ እንደ ልማዷ መጥታ መካከላችን ቆመች።

«ንገሪያት» አልኳት። «ይቺ ልጅ ገና ሕፃን ናት በያት። አራተኛ ክፍል ተመዝግባለች፣ ከሁሉም ጎበዝ ናት በያት። ለምኜሻለሁ አትላኪያት በያት።»

ነገረቻት፤ ስለ ራሷ አልመሰለም፣ የጎረቤት መልእክት የምታደርስ ነው የሚመስለው። እናትየዋ ረጅም ሰዓት መለሰችላት። መካከል ላይ ዓይኗን ጠረገች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

«ጌታ ይባርክሽ ትላለች።»

«ሌላስ? ሁሉን ንገሪኝ።»

«የጎረቤት ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር ትላለች። አማርኛ የላትም። አሠሪዋ ‹ድስት› ስትላት ማንቆርቆሪያ አመጣች፣ መታቻት። አሁን አንድ ጆሮዋ አይሰማም። ትልቋም ብትሄድ ትመታለች። ይቺ ግን ሁሉን ታውቃለች፣ ማንም አይመታትም። አንቺ ስላስተማርሽልኝ እንቅልፍ ተኛሁ ትላለች።»

ምን ይባላል ለዚህ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እናትየዋ ክረምቱን ሙሉ እየታገለች ልጄን ለመንገድ አዘጋጀችልኝ ብላ ነው የምታመሰግነኝ። እኔ ጨዋታ ነው ያልኩትን እሷ ከዱላ ማምለጫ ነው ብላ ወስዳዋለች። ተሳስታለችም ማለት አልችልም።

«አንቺስ?» አልኳት ልጅቷን። «አንቺ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

አገጯን ይዛ አሰበች። ከዚያ ወደ እናቷ አየችና «ይሄንንም ልንገራት?» አለችኝ።

«አይ» አልኩ። «እሱን አትንገሪያት።»

እናቴን ለምኜ እኛ ቤት አስቀምጣት ይሆን ብዬ ያሰብኩት ወደ ቤት ስመለስ ነው። እናቴ ምሳ እያቀረበች ሰማችኝና «አንድ አለችን እኮ» አለች። አለችን፤ እውነት ነው። ከአረካ ወዲያ የመጣች፣ ቤታችን መሥራት ከጀመረች ሦስት ዓመት የሆናት፣ ስሟን እንጂ ሌላ ነገሯን የማላውቅ ልጅ። ጓዳ ውስጥ ሆና ትሰማናለች። ማንቆርቆሪያውን አምጪ፣ ድስቱን ክደኚው የሚሉትን ትዕዛዞች ከየት እንዳመጣኋቸው ያን ቀን ገባኝ። እቤታችን ቀኑን ሙሉ የሚሰሙ ቃላት ናቸው፤ እኔ ድምፃቸውን ብቻ ነው ቀልድ ያደረግኩት።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። ሰው፣ ሻንጣ፣ የታሰረ ዶሮ፣ የረዳቶች ጩኸት፤ በየአውቶቡሱ ደጅ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆች ተኮልኩለዋል። የኔዋን አገኘኋት። እግሯ ላይ አዲስ ሸራ ጫማ፣ እጇ ላይ የአራተኛ ክፍል ደብተር። እናቷና ትልቋ እህቷ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ትልቋ መሬት መሬት ታያለች፣ ቀና ብላ አላየችኝም።

አክስትየዋን ክንዷን ያዝኳት። «እግዚአብሔርን አትፈሪም? ዘጠኝ ዓመቷ ነው! ይቺ ልጅ ልጅ ታዝላ፣ ልብስ አጥባ ልትኖር ነው?»

አልተቆጣችም። «እኔ በሰባት ዓመቴ ነው የሄድኩት» አለችኝ። «ቀን ትሠራለች፣ የማታ ትማራለች። ደግሞ አንቺ እህቴ፣ እናንተ ቤት ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?»

የማታ ትምህርት! የእኛዋም የማታ ትማራለች ተብላ ነው የመጣችው፤ አንድ ቀን ደብተር ይዛ አይቻት አላውቅም፣ ለምን ብዬም አልጠየቅኩም። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ልጅቷ ደረጃው ላይ ወጥታ ዞረች።

«ቲቸር፣ ጎበዝ ነኝ አይደል?»

«ጎበዝ ነሽ» አልኳት። «በጣም ጎበዝ ነሽ።» ሌላ ምን ልበል? ውረጂ ብላትስ ማን ይሰማኛል? አውቶቡሱ በቦዲቲ መንገድ ሄደ። እኔ መናኸሪያው መሐል እንደ ልጅ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ረዳቶቹ ሳቁብኝ።

ሁለት ቅዳሜ ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ ልኮ አስጠራኝ፤ የቀሩት ልጆች እየመጡ ይመለሳሉ አለ። እያመመኝ ሄድኩ። የክፍሉ በር ላይ እናትየዋ ቆማለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቀኝ እንደነበር ያስታውቃል። አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት፣ ንፍጧ በደንብ የተጠረገ ልጅ በእጇ ይዛለች፤ የመጨረሻዋ ናት። እናትየዋ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተምራ፣ መንገዱን ሁሉ እየደጋገመች ሳትመጣ አልቀረችም። ትንፋሿን ሰብስባ ተናገረችው።

«ይቺም አስተምሪ።»

ልነግራት የፈለግኩት ብዙ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ ልላት፣ አታምጫት ልላት፣ ባላስተምራትስ ይወስዷት ይሆን ብዬ ልጠይቃት። አፌን ከፈትኩ። በመካከላችን ቆማ ቃሌን የምታደርስልኝ ልጅ ግን አዲስ አበባ ናት፤ እኔም አንድ ክረምት ሙሉ ስታስተምረኝ ከርማ አንድ ቃል አልያዝኩላትም።

እናትየዋ ዝምታዬን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። የልጇን እጅ ከእጇ አውጥታ እጄ ላይ አኖረችና ጎንበስ ብላ አመስግናኝ ሄደች።