ተራችንን ታውቅልን የነበረችው ዘሃራ

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሰው ደወሉ። እውነት ነው አሉኝ።

እትዬ ዘሃራ ሞታለች። የሆስፒታላችን የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ደም ለጋሾችን የምታስተባብረው። ትናንት ከሥራ ስትወጣ «ራሴን አሞኛል» ብላ ነበር አሉ። ጠዋት አልነቃችም። አሁን ከቀብር መመለሴ ነው።

መጀመሪያ ያወቅኋት ተጣልቻት ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል የሚወርድ መኪና ተገልብጦ ሸዋ ሮቢት በሙሉ ደም ልስጥ ብሎ ሆስፒታል ግቢ ፈሰሰ። እሷ ግማሻችንን መለሰችን። «ሰው እየሞተ ደሜን አልፈልግም ትያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ወንድሜ፣ ደም እንደ ማሾ በጎተራ አይከርምም» አለችኝ፣ ድምጿን ሳትጨምር። «ከወር ብዙም ሳያልፍ ይበላሻል። ዛሬ ሁላችሁም ከሰጣችሁ ሦስት ወር መስጠት አትችሉም። በመሐል ወልዳ ደም ለሚፈሳት ማን ይሰጣል?» ስሜንና ስልኬን ደብተሯ ላይ ጻፈች።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዷን ገጠሙ። ዘሃራ ቀድማ ተጨንቃበት ነበር። ሙስሊሞቹ ጾሙ ሳይገባ እንዲሰጡ አደረገች። እኛን ክርስቲያኖቹን ከፋፍላ እሁድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ በልተን እንድንመጣ ተራ አስያዘችን። ደሙ ደብረ ብርሃን ሄዶ ተመርምሮ እስኪመለስ የሚፈጀውን ቀን ሳይቀር ታሰላለች። ራሷ ጾመኛ ሆና፣ በዚያ በሮቢት ሙቀት፣ ስትደውል ትውላለች። «ቁርስ በልተሃል? በል ተራህ ደርሷል።» ሰላምታዋ ይኸው ነበር።

ሚስቴ የወለደችው በዚያው ጾም ነው። ደሙ አልቆም አላት። ደጅ ቆሜ ስጠብቅ ዘሃራ እየሮጠች መጣች። «አለ! ማቀዝቀዣው ውስጥ ለሷ የሚሆን ደም አለ። አይዞህ» አለችኝ። ሚስቴ ተረፈች።

እጇን ልስም ስል ሳቀችብኝ። «እኔ ምን ሰጠሁ? ደም ማነስ አለብኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ለግሼ አላውቅም። የምችለው መደወል ብቻ ነው።»

ዛሬ ቀብሯ ላይ ከአጣዬም ከማጀቴም የመጣ ሰው ነበር። አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ ይንሰቀሰቃል። ዘመድ መስሎኝ «ምንህ ነበረች?» አልኩት።

«ትደውልልኝ ነበር» አለኝ።

እትዬ ዘሃራ፣ ሚስቴ ልጃችንን አዝላ እናትሽ ቤት ለቅሶ ተቀምጣለች። እኔ ግን ቁጥርሽን ከስልኬ ማጥፋት አቅቶኛል። ከእንግዲህ ማን እንደሚያስብልን አላውቅም። አላህ በእዝነቱ ይቀበልሽ። ሂጂ በቃ እህቴ፣ ብዙ ደክመሻል፣ እረፊ።