የጃፓኗ ልጅ ስለት

ፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ክፍል፣ በገባሁበት ዓመት እናቴ ስልኬን ቀምታኝ የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። "ፈተናሽን ጨርሰሽ ትወስጂዋለሽ" አለችኝ። ሰርግ ቀረ፣ ልደት ቀረ፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ዌስትላንድስ ሄዶ መዝናናት ቀረ። አንድ ልጇ ነኝ። ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለውን ምግብ ቤት የከፈተችው እኔን ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት እንደሆነ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ክትፎ ለሚያዝ ሁሉ ትናገራለች። የሚያስፈልገኝ ሲ ፕላስ ነበር። ኬንያ ውስጥ ከዚያ በታች ያመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲን የሚያየው ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ነው።

ያልተቀማሁት የምግብ ቤቱን ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የምሳ ሰው ሄዶ የራት ሰው ሳይመጣ፣ ቤቱ ባዶ ይሆናል። በዚያች ሰዓት ነው እንግዲህ ያን ጊዜ ያበድኩለትን አኒሜ፣ የጃፓኖቹን ካርቱን፣ ከፍቼ የተያዝኩት። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች። "ጃፓኖች ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንዴት እንደሚያጠኑ የሚያሳይ ነው" አልኳት፤ ዓይኔን እንኳ አላሸሁም። ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም እኮ፣ ፈተና ነበረበት። ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ተማሪ ለመግቢያ ፈተና ትዘጋጃለች፤ የምትወደው ልጅ ጓደኛዋን ይወዳል፤ ጓደኛዋ አስጠኚያቸውን ትወዳለች፤ አስጠኚው ማንን እንደሚወድ እሱም አያውቀውም። ሁሉም የሚሳሳመው ከማይሆነው ሰው ጋር ነው፣ ያውም ዝናብ ላይ ቆሞ።

"እሺ፣ ግን አብሬሽ አያለሁ። አንቺ ትተረጉሚልኛለሽ" አለችና የምስር ትሪዋን ይዛ ተቀመጠች። እናቴ ከገበያ ሴቶች ጋር ለመጣላት የሚበቃ ስዋሂሊ አላት። እንግሊዝኛ ግን ፊደሉን ትለያለች እንጂ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ አንዱን ቃል ሳትጨርስ ጥሏት ይሄዳል። ስለዚህ የእነዚያ ልጆች ጉዳይ በሙሉ በእኔ እጅ ወደቀ።

"ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?"

"ፊዚክስ አልገባት ብሎ።"

"ልጁንስ ለምን በጥፊ መታችው?"

"ደብተሯን ወስዶ አልመልስ ስላላት።"

ሲተቃቀፉ ሎጋሪዝም ገብቷቸው ነው። ሲሳሳሙ ደግሞ ብድግ ብዬ በቴሌቪዥኑ ፊት አልፌ መጋረጃ እዘጋለሁ። እናቴ ከምስሩ ቀና እያለች፣ "ጨዋ ልጆች ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ሌላ አያወሩም" ትላለች።

የራሴ ውሸት ዞሮ የያዘኝ የሞክ ውጤት ያመጣሁ ቀን ነው። ሞክ የምንለው ከዋናው በፊት የሚሰጠው የሙከራ ፈተና ነው፤ እኔ ያገኘሁት ሲ ነበር። እናቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ "ያቺ ልጅ ለፊዚክስ እንባዋን ስታፈስ አይተሻታል። አንቺ መቼ ነው ለፊዚክስ ያለቀስሽው?" አለችኝ። ከጎረቤት ልጅ ጋር መነጻጸርን ያላየ ሀበሻ የለም። የእኔ መከራ ግን እኔው ራሴ በትርጉም ጎበዝ ካደረግኳት ካርቱን ጋር መነጻጸር ሆነ። ልጅቷን ዓይኗን ማየት አስጠላኝ። እልህ ይዞኝ ማጥናት የጀመርኩትም ያን ሰሞን ነው።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ማታቱ ታክሲ ውስጥ፣ "ለገብርኤል ተስያለሁ" አለችኝ። "ባለ ዘርፍ ጃንጥላ። ሁለታችሁም ካለፋችሁ።"

"ሁለታችን እነማን ነን?"

"አንቺና ያቺ ልጅ ነዋ።"

"እማዬ፣ እሷ እኮ ሥዕል ናት።"

"ሥዕል መሆኗ መቼ ጠፋኝ። ገብርኤልንስ የማውቀው በሥዕል አይደል?" አለች። "ይህን ሁሉ ቀን ስናይ እናቷ አንድ ጊዜ ብቅ አላለችም። ማን ይሳልላት?"

እውነቷን ነው። በዚያ አኒሜ ውስጥ እናት የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ብቻቸውን ይበላሉ፣ ታመው እንኳ ብቻቸውን ይተኛሉ። ማን ማንን ሳመ እያልኩ ልብ ብዬው አላውቅም። 

የመጨረሻው ክፍል ላይ የደረስነው ፈተናዬ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ጃፓኖቹ ያለፉትን ሰዎች ቁጥር ትልቅ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋሉ። ልጅቷ ቁጥሯ ያለበትን ወረቀት ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች። የፈተናው ዋዜማ ከምትወደው ልጅ ጋር ስትጣላና ስትታረቅ እንዳለፈ እኔ አውቃለሁ፤ እናቴ የምታውቀው ሒሳብ ስትከልስ እንደነበረ ነው። "አለፈች" ልላት አፌን ስከፍት እጇን አንስታ አስቆመችኝ። ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም። ከእሷ ቁጥር በፊት ያለው አለ፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለው አለ፣ የእሷ የለም።

"ዘሏታል" አለች እናቴ፤ ምስሩንም መልቀም ተወች። ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትና፣ ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ እሷም እንዲሁ ቆማ ነበር። "ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት። ከኋላዬ ያሉት ልጆች አሳልፊን እያሉ ይገፉኛል።" ለእኔ ሲነገረኝ የኖረው አባቷ ስለታመመ ትምህርት አቋረጠች የሚል ነው። "አባቴስ ደህና ነበር። ደግመሽ ተፈተኚ የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት" አለች። አንጀቴን በላችው። በማግስቱ አንድ ደንበኛ ምስር ወጡ ውስጥ ጠጠር ነክሶ ብዙ ተናገረን።

ውጤት የሚመጣው በስልክ መልእክት ነው። ስልኬ ከጣሳው ወጥቶ ነበር፤ ጆሮዬ ላይ ባደረግኩት ቁጥር ግን ያስነጥሰኛል። ሲ ይላል። ከጎኑ ፕላስ የለም። እናቴ የኩሽናው በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ "ምን ይላል?" አለች። ያን ያህል ወር ስተረጉም የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ሲ ፕላስ ይላል ብላት የሚያስተባብለኝ አልነበረም። አንድ ተራ ኮሌጅ ገብቼ ዩኒቨርሲቲ ነው ልላት ሁሉ በልቤ አስተካክዬ ጨርሻለሁ። ግን ያ "ዘሏታል" ያለችበት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

"እኔንም ዘሎኛል፣ እማዬ" አልኳት።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሽርጧን እየፈታች፣ "ያቺስ ልጅ? ከዚያ ወዲያ ምን ሆነች?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የለም። አኒሜው አልቋል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ፈተና የሚባለውን ነገር ረስታ ከልጁ ጋር ባቡር ተሳፍራ ሄዳለች። "ደግማ ልትፈተን ተመዝግባለች" አልኳት።

"እንደሱ ነው እንጂ" አለች እናቴ። "አንቺም ትመዘገቢያለሽ። ስለቱ ይቆየናል።" ተነስታ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ወደ ጣሳው መለሰችው።

በዓመቱ ሲ ፕላስ መጣ። ከዚያ ንቅንቅ አላለም፣ ግን መጣ። እናቴ አቅፋኝ አልቅሳ ስታበቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ "እሷስ?" ብላ ነው።

"አልፋለች።"

"ቁጥሯን በዓይንሽ አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

ትክ ብላ አየችኝ።

ሐምሌ ገብርኤል ናይሮቢ ብርድ ነው። እናቴ ነጠላዋን ሹራብ ላይ ደርባ፣ ባለ ዘርፉን ጃንጥላ ታቅፋ፣ ስለት ከሚያስገቡት ጋር ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ቄሱ ጎንበስ ብለው ስለ ማን እንደሆነ ጠየቋት።

"ስለ ሁለቱ ልጆቼ" አለች።

ቄሱም በድምፅ ማጉያው ደገሙት። ሃያ ዓመት የሚያውቋት ሴቶች በሙሉ፣ እህት ደብቄ የኖርኩ ይመስል፣ ዞረው እኔን አዩኝ። እልልታውን ጀመርኩላቸው።