ኮች ዌንደል ለራሱ ቦታ አመለከተ

ያንን ሁሉ ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን ምን ያስብ ነበር? ሚስቱ አርዲስ ዛሬም ቢጠይቋት አታውቅም። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራለች። ከአሰልጣኝነቱ ከተባረረበት ቀን ጀምሮ ግን ባሏ ከአልጋ ወርዶ፣ ጉልበቱን እያሻሸ፣ ወጥ ቤት ሲቀመጥ በየሌሊቱ ትሰማው ነበር።

ዌንደል ታርፕሊ አሜሪካ ውስጥ፣ አርካንሶ በሚባል ግዛት የተወለደ የዶሮ አርቢ ልጅ ነው። ጉልበቱ እስኪሰበር የአሜሪካን ፉትቦል ተጫወተ፤ ከተሰበረ በኋላ ያንኑ ሞላላ ኳስ ሌሎችን አስተማረበት። በየትምህርት ቤቱ እየዞረ የሜዳውን ሣር ራሱ እያጨደ፣ የተጫዋቾቹን አውቶቡስ ራሱ እየነዳ ሸበተ። እዚያው ግዛት ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድኑን እንዲያሠለጥን የጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ተጫዋቾቹን መጀመሪያ ቀን የሚላቸው አይለወጥም፦ «ፊሽካ ሳይነፋ ከሜዳ የሚወጣ እኔ ዘንድ አይጫወትም።»

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ በተከታታይ ተሸነፈ። እሁድ ጠዋት ተባረሃል የሚል ስልክ ተደወለለት፤ ሰኞ፣ ለቡድኑ አሰልጣኝ ብሎ ፒካፕ መኪና በውሰት የሰጠው ነጋዴ መጥቶ መኪናውን ወሰደ። ዌንደል አልተቆጣም። የአሰልጣኝ እንጀራ እንዲህ ነው። ውሉም ካባረሩት የቀረውን ደመወዝ፣ አራት መቶ ሺህ ዶላር፣ ይክፈሉት ይላል። በገዛ ፈቃዱ ከለቀቀ ግን ሰባራ ሳንቲም የለውም።

በሳምንቱ የዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ወጥ ቤታቸው ገብቶ የአርዲስን የለውዝ ኬክ መብላት ጀመረ።

«ኮች፣ እኛ የምናውቀው ተስማምተን እንደተለያየን ነው። ለቀቅሁ ብለው ይፈርሙና ግማሹን ዛሬውኑ ይውሰዱ። ለስምዎም ያምራል።»

«ለስሜ?»

«ተባረረ ከመባል ለቀቀ መባል አይሻልም?»

«ልጄ፣ ኬክህን ጨርስና ሂድ።»

ጠበቃው አፉን ጠረገ። «እንግዲያው ውሉን ያስታውሱ። ክርክሩ እስኪያልቅ ሥራ መፈለግ ግዴታዎ ነው። እጅዎን አጣጥፈው ከተቀመጡ ሁሉም ይቀራል።»

«ማንኛውንም ክፍት የአሰልጣኝ ቦታ?»

«ማንኛውንም።»

በሩ ሲዘጋ አርዲስ ጮኸችበት። «ሁለት መቶ ሺህ ዶላር አባረርክ! እህቴ አጠገብ ቤት እንገዛለን ያልከኝ አንተ አይደለህም? ፈርመህ አትገላገልም?»

«አልለቀቅሁማ፣ አርዲስ።»

«ለቀቅህ አልለቀቅህ ለማን ገዶት!»

«ለእኔ።»

በማግስቱ ማመልከቻ አስገባ፤ ለገዛ ራሱ ቦታ።

የዩኒቨርሲቲው ቦርድ የሚሰበሰበው ቡድኑ ሜዳው ላይ በሚጫወትበት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አባላቱ ያለ ጨዋታ ከተማውን አይረግጡም። አዳራሹ ለሁሉም ክፍት ነው። ደጋፊው ቀይ ሹራቡን ለብሶ፣ ውጭ የሚጠበሰውን ሥጋ ጢስ ተከናንቦ ገባ። የአካባቢው ጋዜጠኛም ከፊት ተቀምጣለች። ጠበቃው አመልካቹን ሳይሰሙ ቢመልሱት ሌላ ክስ እንዳይመጣ ፈርቶ፣ አምስት ደቂቃ ስጡት ብሏል።

የቦርዱ ሰብሳቢ ሆሊስ ክሮዊ የዶሮ ማረጃ ድርጅት ያላቸው፣ ፊታቸው ቶሎ የሚቀላ ሰው ናቸው።

«ዌንደል፣ ልትቀልድብን ነው የመጣኸው?»

«ሥራ ፈልግ አላችሁኝ፣ እየፈለግሁ ነው። ልምድ አለኝ። የመልበሻ ክፍሉ ቁልፍ እንኳ ገና ኪሴ ውስጥ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አርዲስ ግን ከኋላ ወንበር አንገቷን ደፋች።

«ይበቃል!» አሉ ሰብሳቢው።

«ቆይ እንጂ ሆሊስ። ያለ ጥል፣ በፍቅር ነው የተለያየነው ብላችኋል። በፍቅር የወጣ ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ቢመለስ ምን ነውር አለው? ለምን አትቀጥሩኝም?»

ጠበቃው ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ እንዳይመልሱለት!»

ሆሊስ ግን ዝም በል ተብለው ዝም ያሉበት ቀን የለም። ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ለምን ይለኛል እንዴ! ራሴ ደውዬ ያባረርኩትን ሰው ራሴ ልቀጥረው?»

የጋዜጠኛዋ እስክሪብቶ «ያባረርኩትን» የሚለውን ቃል እየጻፈ ሲሮጥ ይሰማል። ጠበቃው ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ዌንደል ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «አመሰግናለሁ፣ ሆሊስ። አሁን ወጣሁ።»

አርዲስ ከአዳራሹ ስትወጣ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። ጠበቃው አሮጌ መኪናዋ ዘንድ ደረሰባቸው፤ ክራባቱ ትከሻው ላይ ተጠምዝዟል።

«ኮች፣ ሰኞ እንነጋገር።»

«ስለ ግማሹ ከሆነ አትድከም።»

«ስለ ሙሉው ነው።»

«ተባረረ ብላችሁ ትጽፋላችሁ?»

ጠበቃው ወደ አዳራሹ በር ዞር ብሎ አየ። «እንጽፋለን።»

ቤት ሲደርሱ አርዲስ የበቆሎ ዳቦ ልታሞቅ ገባች። በጨዋታ ቀን ባሏ ቁጭ ብሎ እንኳ አያውቅም። ጨዋታውን እንዲሰማ ብላ ሬዲዮ ልትከፍትለት ስትመለስ ሶፋው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ ተዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ አገኘችው። ሬዲዮውን ተወችው። ከስታዲየሙ የሕዝቡ ጩኸት በመስኮት ሲገባ፣ የመጀመሪያዋ ኳስ በተመታችበት ሰዓት፣ ልክ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ዌንደል ታርፕሊ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።