ከእማማ ጥሩነሽ ራስጌ ያለፈው ቱቦ

ሥራ የጀመርኩት መካኒሳ አቦ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ፍሪጅ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። የመጀመሪያው ቀን ካቻቪቴና ፒንሳ የሚያስጨብጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሦስት ቁራጭ ቱቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ፤ ጥቁር ጎማ፣ ነጭ ፕላስቲክ፣ መዳብ።

"ፍሪጅ ውስጥ ውሃ የምታስገባው በየትኛው ነው? ምረጥ" አሉኝ።

ነጩን አነሳሁ። ያምራል፣ እንደ ልብ ይታጠፋል።

"ለሙሽራ ጥሎሽ ነው እንዴ የምትመርጠው?" ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ኮስተር አሉ። "ስማ። ከፍሪጅ ጀርባ ሞተር አለ፣ ይግላል። የሰዉ ግድግዳ ጭቃ ነው። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው፤ ጠፍቶ ጠፍቶ ሲመጣ ጉልበቱ ሌላ ነው። ሦስቱንም የሚችለውን ፈልግ።"

በሩ ላይ ውሃ የሚቀዳ ፍሪጅ ያኔ ብርቅ ስለነበር ምክሩን ሰምቼ አስቀመጥኩት። ሥራ ላይ ያዋልኩት የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ነው።

አንድ ቀን አስቴር የምትባል ሴት ከጎፋ መጣች። ልብስ ቸርቻሪ ናት። "ፍሪጁን ከውሃው ለይልኝ፣ እናቴ አልፈልግም ብላለች" አለችኝ።

ነገሩን መንገድ ላይ አጫወተችኝ። እናቷ እማማ ጥሩነሽ ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም፤ ውሃ እንኳ የሚጠጡት ከልጃቸው እጅ ነው። ወንድሟ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እናቱ ከተኙበት ሆነው በደህናው እጃቸው ይቅዱ ብሎ ፍሪጁን ከጅቡቲ ጭኖ አመጣው፣ ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ በሽቦ አስሮ ራሱ ገጠመውና ወደ መንገዱ ሄደ።

ስንደርስ እማማ ጥሩነሽ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተዋል። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ እሳቸው ቁራጭ ስፖንጅ ላይ ናቸው።

"ልጄ" አሉኝ ሳይዞሩ፣ "አልጋዬን ያረጠብኩት እኔ አይደለሁም። ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።"

አስቴር አንገቷን ደፋች። "እማዬ፣ ተይው በቃ፤ ሕመም ነው። ቱቦውን በየቀኑ አየዋለሁ፣ ደረቅ ነው።"

ፍሪጁን ሳብ አድርጌ አየሁ። እውነትም ደረቅ ነው።

"ውሃ መቼ ነው የሚመጣው?" አልኳት።

"ረፋድ ላይ፣ እኔ ሱቅ ስሆን። ስመለስ ሄዷል።"

ቱቦውን ፈታሁት። አንዱን ጫፍ በጣቴ ደፍኜ፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኩና በሌላው ጫፍ ነፋሁ። የጋለው ሞተር ላይ ተደግፎ ደርቆ ከተሰነጠቀበት ቦታ አረፋው ተንጣጣ። ውሃው በጉልበት ሲመጣ በዚያች ስንጥቅ ይረጫል፣ በግድግዳው ይወርድና ፍራሹ ውስጥ ይሰርጋል። ፈረቃው ሲያበቃ ቱቦው ደርቆ አስቴርን ይጠብቃታል። እማማ ግን ረጥበው ይገኛሉ።

አስቴር አረፋውን አየች። "ወይኔ እናቴ!" ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። ልብሳቸውን በየቀኑ ስትቀይር የከረመችው ልጅ እግራቸውን አልለቅ አለች።

"ተነሽ፣ አንቺ በምን ታውቂያለሽ" አሏት። "ይሄን ዕቃ ግን ካጠገቤ አንሱልኝ። ሁለተኛ ከማፍር በሰው እጅ ብጠጣ ይሻለኛል።"

ይኼን ስሰማ እልህ ያዘኝ። "እማማ፣ እስከ ነገ ይታገሱኝ" አልኳቸው።

መካከሉ ላይ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ መዳብ ይዤ ተመለስኩ። ከሞተሩ አራቅኩት። ፍሪጁ ሲሳብ እንዳይወጠር ከኋላው ትርፉን ጠቅልዬ ተውኩለት። ለብቻው መዝጊያ አበጀሁለትና በግድግዳው ላይ፣ ከራስጌያቸው ከፍ አድርጌ፣ እጃቸው በሚደርስበት አሳለፍኩት።

"እንግዳ ሲመጣ አያስጠላም? ጭቃው ውስጥ ቅበረው" አለች አስቴር።

"አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ ያሳፈራቸው ያልታየው አይደል እንዴ!" ብዬ ጮህኩባት። ቁጡ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

እማማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። "ይታይ" አሉ። "ቀኑን ሙሉ ምን ሥራ አለኝ? እጠብቀዋለሁ።"

በማግስቱ አስቴር ሱቋን ዘግታ ዋለች። ሦስታችንም ውሃ ጠበቅን። ግቢ ውስጥ ክፍት የተተወው ቧንቧ መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ድፍርስ ውሃ ተፋ። እስኪጠራ አፍስሼ የፍሪጁን መዝጊያ ከፈትኩ። መዳቡ አንዴ ነዘር አለ። እማማ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ቱቦውን ዳበሱት፣ ጣታቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አዩ፣ ደግመው ዳበሱት።

"ደረቅ ነው" አሉ።

ውሃው ፍሪጁ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ቆየንና ኩባያ አቀበልኳቸው። በሩ ላይ ካለው መቅጃ አስጠግተው ሞሉት። የሚጠጡት መስሎኝ ነበር። ኩባያውን ለልጃቸው ዘረጉላት።

"እንኪ። ስታጠጪኝ ኖረሻል፤ ዛሬ እኔ ላጠጣሽ።"

አስቴር ተንበርክካ ከእናቷ እጅ ጠጣች። እኔ አለቀስኩ፤ መፍቻዬን የምሰበስብ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሙያውን ለምትጀምሩ ለእናንተ ለወጣቶቹ የማውቀው ይኸው ነው። የፍሪጅ ውሃ መስመር ወጥ መዳብ ይሁን፣ ከሞተር ይራቅ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ ይለፍ። ውሃ መጥቶ ሳታዩ ከቤቱ አትውጡ። አልጋ ላይ ያለ ሰው እኔ አይደለሁም ብሎ ከነገራችሁ፣ ቱቦው ደረቅ ቢሆንም ፈታችሁ እዩት።